«ሻዩ ይብረድልኝ» ማለት ነውር ነው እንዴ?

ጅጅጋ ውስጥ ያለ ሻይ የሚያልቅ ጉዳይ የለም። ዕርቁም፣ ንግዱም፣ ሐሜቱም በሻይ ነው። ወተትና ስኳሩ የበዛ፣ ሄልና ዝንጅብል የገባበት፣ ከእሳት እንደወረደ የሚቀርብ! ዋጃሌ ብትሄዱ ያው፣ ቀብሪ በያህ ብትሄዱ ያው። ብርጭቆውን አስቀምጣችሁ ስትጠብቁ ግን «ምነው፣ ፈራኸው?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ትኩሱን በአንድ ትንፋሽ የጨለጠ እሱ ወንድ ነው!

እኔ እዚህ ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ይህችን ሻይ እወዳታለሁ። እስቲ ዛሬ ስለ እሷ በግልጽ እናውራ።

«አደር» የምላቸው ጎረቤት አሉኝ፤ ነጋዴ ናቸው። ባለፈው ዓመት ሥጋ አልወርድ አላቸው። ቀጥሎ ሩዝ። ከዚያ ላሆሁን በሻይ እያራሱ መዋጥ ጀመሩ። «ብርድ ነው፣ ያልፋል» ይሉ ነበር። ልጆቻቸው የደነገጡት ቀበቷቸው ላይ አዲስ ቀዳዳ ሲበሱ ባዩ ጊዜ ነው። ምርመራው የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሆነ። አሁን አዲስ አበባ እየተመላለሱ ይታከማሉ።

ሻዩ ነው ያሳመማቸው? በአንድ ሰው ላይ እንዲህ ብሎ መፍረድ አይቻልም። ትንባሆም፣ መጠጥም፣ ሌላም መንስኤ አለ። በሽታው ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ባለው የአህጉሩ ምሥራቃዊ ክፍል በርከት ብሎ ይታያል፤ በአገራችን አርሲና ባሌ በዚህ ይታወቃሉ። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት ግን በ2016 እ.ኤ.አ. ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ መጠጥ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል መድቦታል። ያስጠረጠረው ሙቀቱ እንጂ ሻዩ አይደለም!

ምክንያቱ ምንድን ነው? የምግብ ቧንቧችን ውስጣዊ ሽፋን ሁልጊዜ ይታደሳል፤ ያረጀው ይረግፋል፣ ከሥሩ አዲስ ይወጣል። ይህን ሥራ የሚመሩ ትራንስክሪፕሽን ፋክተር የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። ዲኤንኤ ላይ ተቀምጠው «አንተ ጂን ሥራ፣ አንተ ተኛ» የሚሉ አለቆች በሏቸው። ፒ63 የተባለው ሽፋኑ እንዲታደስ ያደርጋል። በ1999 እ.ኤ.አ. በወጡ ጥናቶች ፒ63 የሌላቸው አይጦች ያለ ቆዳ ተወልደው ወዲያው ሞተዋል። በ1979 እ.ኤ.አ. የተገኘው ፒ53 ደግሞ ዘበኛ ነው። ዲኤንኤው የተጎዳ ሴል ሲያይ «ቁም፣ መጀመሪያ ተጠገን!» ይለዋል። ካልተጠገነም እንዲሞት ያዝዘዋል። ዕጢ እንዳያድግ የሚያግደን እሱ ነው።

ታዲያ በየቀኑ የተቃጠለ ሽፋን ቁስሉን ለመድፈን ደጋግሞ መራባት አለበት። መራባት ሲበዛ ስሕተትም ይበዛል። አንድ ቀን ስሕተቱ ዘበኛው ራሱ ላይ ያርፋል። በአብዛኞቹ የምግብ ቧንቧ ካንሰሮች ውስጥ ፒ53 ተበላሽቶ ይገኛል። ዘበኛ ከሌለ ደግሞ በሩን ማን ይዘጋል?

ወዳጆቼ፣ ሻይ ተዉ አላልኩም! ጥቂት ደቂቃ አስቀምጡት፤ ቀዝቃዛ ወተት ጨምሩበት። ከንፈር የሚያቃጥል ጉሮሮም ያቃጥላል። የሚስቅ ይሳቅ! ምግብ አልወርድ ያለው አባት ወይም አያት ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ «ያልፋል» ሲሏችሁ እሺ አትበሉ። ሳምንት ሳትጠብቁ እጃቸውን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው። ቶሎ የተደረሰበት በሽታ መላ አለው።

ቸር ይግጠመን።