የወንድሜ ግራ እግር

ኪነ ጥበብ የሕይወት መስተዋት ናት የሚለውን አባባል ተማሪ ሳለሁ ተምሬዋለሁ፤ መምህር ከሆንሁም በኋላ ሳስተምረው ኖሬአለሁ። መስተዋቱን የያዘው ሰው አስቀድሞ በገዛ ዓይኑ ተመልክቶ እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። ይህ ጽሑፍ በዚህ ረገድ በራሴ ላይ የማቀርበው ግለ ሂስ ነው። ለግለ ሂሱ ምክንያት የሆነኝም ስመ ጥር መጽሐፍ ወይም የተደነቀ ቴአትር አይደለም፤ በየቡ ከተማ፣ በአንድ የጭቃ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ በቴሌቪዥን መስኮት ላይ የሚካሄድ የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። አንባቢ ይህን ሰምቶ ፈገግ ቢል አልፈርድበትም፤ እኔም ፈገግ ይሉ ከነበሩት አንዱ ነበርሁና።

የቡ ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የማና ወረዳ ከተማ ናት። ትውልዴ እዚያ፣ ኑሮዬ ጅማ ነው። የለቀማው ወቅት ሲደርስ ቀዩ እሸት ቡና በየደጁ በአልጋና በሰሌን ላይ ይሰጣል። ልጆች ከትምህርት ሰዓት ውጪ፣ አንዳንዴም በትምህርት ሰዓት፣ ቡና ይለቅማሉ፤ በእጃቸውም ጥቂት ብር ይገባል። ከዚያ ብር ከፊሉ የሚሄደው ወደ ጌም ቤት ነው። ጌም ቤት ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ቴሌቪዥን፣ ከየቴሌቪዥኑ ጋር የተያያዘ ፕሌይስቴሽን የሚባል መሣሪያ፣ ከፊት ለፊቱም አግዳሚ ወንበር ይኖረዋል። ሁለት ልጆች ጆይስቲክ የሚሉትን መቆጣጠሪያ ጨብጠው ይቀመጣሉ፤ ሌሎቹ ከጀርባቸው ቆመው ተራ ይጠብቃሉ። ሕጉ አጭር ነው፤ አሸናፊ ይቀጥላል፣ ተሸናፊ ከፍሎ ይነሣል።

በ2008 ዓ.ም. ስለነዚህ ቤቶች አንድ አጭር ተውኔት ጽፌ በጅማ ለተማሪዎችና ለወላጆች ታየ። በተውኔቱ ውስጥ አንድ ልጅ ጌም ቤት መዋል ይለምዳል፤ ገንዘብ ሲያጥረው ከአያቱ ሰሌን ላይ አንድ ጣሳ ጀንፈል ይሰርቃል፤ ከጣሳ ወደ ኩንታል ያድጋል፤ በመጨረሻም ትምህርቱን ጥሎ የትም ወድቆ ይቀራል። ተመልካቹ ደጋግሞ አጨበጨበ። እኔም በመግቢያ ንግግሬ ስለ ባህል ወረራ ብዙ ተናግሬ ነበር። ከአዳራሹ ስንወጣ አንድ መምህር እጄን ጨብጦ «ልክ እንደ እውነቱ ነው» አለኝ፤ ኮራሁ።

አሁን እውነቱን ልናገር። ያን ተውኔት ስጽፍ አንድም ቀን ጌም ቤት ገብቼ አልተቀመጥሁም ነበር። በበሩ ሳልፍ ያየሁት ጨለም ያለ ክፍልና የልጆች ጀርባ፣ የሰማሁትም ጩኸት ብቻ ነው። የቀረውን ከራሴ ሞላሁት። ገጸ ባሕርዩ ሕያው እንዲሆንልኝ ደግሞ የማውቀውን አንድ ልጅ መልክ አለበስሁት፤ ሲናገር ዓይኑን ቶሎ ቶሎ ማርገብገቡን፣ ክርኑ ላይ የተጣፈ ግራጫ ሹራቡን ሳይቀር ወሰድሁበት። ይህ ልጅ የታላቅ ወንድሜ ልጅ ነው። ያን ጊዜ ዕድሜው 14 ነበር። ጌም ቤት ይሄድ እንደነበር እውነት ነው፤ የሚጫወተው ግን ቡና ለቅሞ ባገኘው ገንዘብ እንጂ አንዲት ፍሬ እንኳ ሰርቆ አያውቅም። በዚያ ዕለት ከእናቱ ጋር ከየቡ መጥቶ በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጦ ነበር። የአዳራሹ መብራት ሲበራ ወንበሩ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የሠፈሩ ልጆች «ጀንፈል» ይሉት ጀመር።

አልተጣላንም። በበዓል ስንገናኝ ተነሥቶ ይቀበለኛል፤ የጠየቅሁትን ይመልሳል፤ ከዚያ ያለፈ ቃል ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ከአፉ አልወጣም። እኔም ኪነ ጥበብ ነው፣ ማንንም በተለይ አይመለከትም እያልሁ ራሴን ሳባብል ኖርሁ።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. የቤተሰባችንን ጥቂት ቡና ለማስለቀም ወደ የቡ ሄድሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለብንና የተሰጣውን በሸራ ሸፍነን ወደ ቤት ገባን። የወንድሜ ልጅ፣ አሁን የ23 ዓመት ጎልማሳ፣ ከአንድ ከተዘጋ ጌም ቤት በርካሽ የገዛትን ፕሌይስቴሽን 3 ከፍቶ ነበር። የያዘው ጨዋታ የጃፓኑ ኮናሚ ኩባንያ በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 2013 ነው። ከኋላው ተቀመጥሁ። ጥቂት ቆይቼ ስመለከት ግን የሚጫወት አልነበረም። በመስኮቱ ላይ የተጫዋቾች ስም ዝርዝር አለ፤ እርሱም አንድ በአንድ ያርማል። ድንገት ፊቱን ሳያዞር፦

«ጋሼ፣ አባቴ የሚመታው በየትኛው እግሩ ነበር?» አለኝ።

ጥያቄው እንዲገባ ስለ ጨዋታው ጥቂት ላስረዳ። በቤት ውስጥ በቴሌቪዥን የሚጫወቱበት የመጀመሪያው መሣሪያ ኦዲሲ በ1972 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ገበያ ላይ ሲውል፣ ማሳየት የሚችለው ጥቂት የብርሃን ነጠብጣቦችንና አንድ መስመርን ብቻ ነበር። ሜዳው በላስቲክ ላይ ታትሞ ቴሌቪዥኑ ላይ ይለጠፋል፤ ሌላውን ተጫዋቹ በሐሳቡ ይሞላዋል። ዛሬ ሠሪዎቹ የእውነተኛ ስፖርተኞችን ሰውነት በምልክት ሸፍነው፣ እንቅስቃሴያቸውን በብዙ ካሜራ ቀርጸው፣ አረማመዳቸውን ሳይቀር ወደ መሣሪያው ያስገባሉ። በአሜሪካ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ የሚወጣ ኤም.ኤል.ቢ. ዘ ሾው የሚባል የቤዝቦል ጨዋታ አለ። እዚያ የሚኖር አንድ አብሮ አደጌ፣ ልጁ ሲጫወት ኳስ ወርዋሪው ክንዱን የሚያነሣበትን አኳኋን አይቶ ብቻ ማንነቱን እንደሚለይ ነግሮኛል። የእኛዎቹም ልጆች እንዲሁ ናቸው፤ ሮናልዶን በስሙ ሳይሆን ቅጣት ምት ሊመታ ሲቆም እግሮቹን በማንፈራጠጡ ያውቁታል።

ይሁንና በዚያ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ እኛ የለንም። በ2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲመለስ የየቡ ልጆች በዲስኩ ውስጥ ኢትዮጵያን ፈልገው አጡ። ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በዚያው ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ሻምፒዮን ሲሆን ደግሞ ራሳቸው ሠሩት። ጨዋታው ቡድን መፍጠር፣ መለያ መቀባት፣ ተጫዋች መሥራት ይፈቅዳል፤ ቁመት፣ ክብደት፣ የሚመታበት እግር፣ ሁሉም ይሞላል፤ ፍጥነትና ትንፋሽ እስከ 99 በሚደርስ ቁጥር ይለካሉ። የሚሮጥበት አኳኋን እንኳ የሚመረጥበት ቦታ አለው። የወንድሜ ልጅ ያን ዕለት የሚሠራው ሌላ ቡድን ነበር፤ በአባቱ ዘመን በየቡ ሜዳ ይጫወቱ የነበሩትን ልጆች። ስማቸውን ከሽማግሌዎች እየጠየቀ ሰብስቧል። መሣሪያው ፊደላችንን ስለማያውቅ ስሞቹ በላቲን ፊደል ተጽፈዋል። አባቱ የሞተው እርሱ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ሲጫወት አይቶት አያውቅም።

እኔ ግን አይቸዋለሁ። በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የሴካፋ ዋንጫ ፍጻሜ ቡድናችን ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት ሲያሸንፍ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ጨዋታውን የተከታተልነው በሬዲዮ ነው፤ ያን ጊዜ እንደ ደምሴ ዳምጤ ያሉ የስፖርት ጋዜጠኞች ሜዳውን በድምፅ ይሥሉልን ነበር። ድሉ ሲታወጅ ወንድሜ በትከሻው ተሸክሞኝ ገበያውን ዞረ። በማግሥቱ የጨርቅ ኳስ ይዞ በግራ እግሩ ሲመታ፣ ከሬዲዮው የሰማሁት ተጫዋች እርሱ መሰለኝ።

«በግራው» አልሁት። «ቀኙ ለመቆሚያ ብቻ ነበር።»

መሣሪያው ላይ ሞላ። ከዚያ ወደ ቁጥሮቹ ገባን። እኔም በተለመደው ለጋስነቴ ፍጥነቱን 95፣ የምቱን ኃይል 96፣ በቴስታ መግጨቱን 90 አልሁ። የወንድሜ ልጅ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አኖረው።

«ጋሼ፣ መሲ እንኳ በሁሉም ይህን ያህል የለውም። እውነቱን ይንገሩኝ። ያለዚያ ሲጫወት እርሱን አይመስልም።»

በሕይወቴ ብዙ ሐያስያን ገጥመውኛል፤ እንደዚህ አጭርና ትክክለኛ ሂስ የሰጠኝ ግን አላስታውስም። ዓይኔን ጨፍኜ ወንድሜን መፈለግ ጀመርሁ። ፈጣን ነበር፤ ግን ለመነሣት ይዘገያል። በቴስታ መግጨት ይፈራል፤ ኳስ ከላይ ስትመጣ አንገቱን ይሰብራል። በ1985 ዓ.ም. ከአጋሮ ልጆች ጋር በተደረገ ግጥሚያ ሪጎሬ ስቶ ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጣም። ከዕረፍት በኋላ ይደክማል፤ ትንፋሹ አጭር ነበር። ይህን ስናገር ድምፄ ተያዘ፤ በኋላ የወሰደው ሕመም የሳንባ ሕመም ነበርና። ልጁም ያውቃል። ጣቱ ቁልፉ ላይ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ በትንፋሹ ትይዩ 58 ጻፈ።

በዚህ መካከል ዝርዝሩን ቁልቁል ሳይ በ7 ቁጥር መለያ የተመዘገበ አንድ ስም ዓይኔን ያዘው። በላቲን ፊደል የተጻፈ ቢሆንም ለማንበብ አልተቸገርሁም፤ «ጀንፈል» ይላል። ራሱን ያስገባው በዚያ ስም ነው። ስምንት ዓመት የሸሸሁት ነገር በዚያች መስኮት ላይ ወጥቶ ተቀመጠ።

«ያን ተውኔት ከመጻፌ በፊት አንተን ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር» አልሁት። «ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ ጻፍሁ። አንተንም አስሰደብሁህ። አጥፍቻለሁ።»

ዓይኑን እንደ ልማዱ አርገበገበ። «ስሙንስ ለምጄዋለሁ፣ ጋሼ» አለ። ሌላ ነገር አልጨመረም። ሁለተኛውን ጆይስቲክ ግን አንሥቶ ሰጠኝ።

ተጫወትሁ፤ ስድስት ለባዶ ተሸነፍሁ። የተሸነፍሁት ጣቴ ስለዘገየ ብቻ አይደለም። ኳስን ከመስጠት በፊት የት እንደምትሰጥ ማሰብ፣ የተጋጣሚን ልማድ ማጥናት፣ የደከመን ተጫዋች በጊዜ መቀየር ያስፈልጋል። እኔ በተውኔቴ «ፈዘው የሚውሉ» ያልኋቸው ልጆች ይህን ሁሉ በጭንቅላታቸው ይዘው ነበር የሚጮኹት። ይህን ስል ጌም ቤቶች ነቀፋ የለባቸውም ማለቴ አይደለም። በትምህርት ሰዓት በራቸውን ከፍተው ልጆችን የሚያስገቡ አሉ፤ «ተሸናፊ ይከፍላል» የሚለውም ደንብ ከቁማር ብዙ አይርቅም። ነገር ግን ከአግዳሚው ላይ ያልተቀመጠ ሰው ይህን ቢናገር ማን ይሰማዋል? እኔ ብናገር እንኳ ያጨበጨቡልኝ ወላጆች ነበሩ እንጂ ልጆቹ አልነበሩም።

ወደ ማታ ዝናቡ ሲያባራ የወንድሜ ሚስት የቡናውን ረከቦት ይዛ ገባች። ልጁ አዲሱን ቡድን ወደ ሜዳ አስወጥቶ ነበር። 8 ቁጥር የለበሰ አንድ ቀጭን ሰው በግራ መስመር ጎንበስ ብሎ ይሮጣል። እርሷ ረከቦቱን ሳታስቀምጥ ቆማ አየች።

«ይኼ ማን ነው?»

«አባዬ ነው» አላት።

ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። «ሩጫውስ ይመስላል» አለች በመጨረሻ። «ግን እርሱ በአንድ እጁ ቁምጣውን ይዞ ነበር የሚሮጠው። ሁልጊዜ ይሰፋው ነበር፤ ላጥብበው ብለው እንቢ ይለኛል።»

ልክ ነበረች። ቁምጣው የታላቃችን ነበር፤ በቤታችን ልብስ ሲወራረስ ይኖራልና። እኔ ደራሲ ነኝ ባዩ፣ የምቱን ኃይል በቁጥር ስተምን የዋልሁት፣ ይህን ረስቸው ነበር። የወንድሜ ልጅ ወደ ዝርዝሩ ተመልሶ እጅ፣ ትከሻ፣ አሯሯጥ የሚለውን ሁሉ አገላብጦ ፈለገ። ቁምጣ ይዞ መሮጥ የሚባል ምርጫ የለም። ሠሪዎቹ ብዙ ሰው አይተዋል፤ ወንድሜን ግን አላዩትም።

እንግዲህ ሙያችን የቀረለት ሥራ ይህ ይመስለኛል። መሣሪያው ያየውን ከእኛ አብልጦ ያሳያል፤ በዚያ አንፎካከረውም። ያላየውን ግን ያየ ሰው መናገር አለበት፤ ያላየም ደራሲ ሄዶ መጠየቅ። ያን ተውኔት እንደገና ልጽፈው ጀምሬአለሁ። የመጀመሪያው አንባቢው በሦስተኛው ረድፍ የነበረው ልጅ ይሆናል፤ አይሆንም ካለ ይቀራል።

በማግሥቱ ወደ ጅማ ስመለስ እስከ ሚኒባሱ ሸኘኝና «ጋሼ፣ እርስዎንም አስገብቸዎታለሁ» አለኝ።

«የት ቦታ?»

«ተጠባባቂ በረኛ። ቁጥርዎ 41 ነው።»

ከዚህ በላይ እንደማይገባኝ አውቃለሁ። ቢሆንም ከቡድኑ ውስጥ ነኝ።