የላከን ማን ይመስልዎታል?

አፍሮባሮሜትር የሚባለው የሕዝብ አስተያየት ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። አብዛኛው ተጠያቂ «አገሬ ዴሞክራሲያዊ ናት» አለ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ግን መልሱ ከፍርሃት ይሁን ከእምነት ብለው ጽፈው ተከራከሩበት።

ሞያሌ ላይ ለምንነግድ ሰዎች ይህ አይገርመንም። ጥናቱ በየአገሩ ሲዞር ከሚያነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ የኛው ነው፦ ለሥራና ለንግድ ድንበር መሻገር ቀላል ነው ወይስ ከባድ? ጫማ የምታሻግር አንዲት እናት ምን ትበል? «ቀላል ነው» ካለች የኮንትሮባንድ መንገድ ታውቃለች ትባላለች፤ «ከባድ ነው» ካለች መንግሥትን ከሰሰች። «አላውቅም» ብላ ትገላገላለች፤ በሳምንት ሁለቴ የምትሻገር ሴትዮ!

ጥናቱን ግን አልንቀውም። እንዲያውም መጨረሻ ላይ የምትመጣውን ጥያቄ እወዳታለሁ፦ የላከን ማን ይመስልዎታል? ብዙ ሰው «መንግሥት» ይላል፤ ጠያቂው ገና ሲጀምር የመንግሥት ሰው አይደለሁም ብሎ እያለ። «መንግሥት» ያሉትን ሰዎች መልስ ከሌሎቹ ለይቶ ማየት ይቻላል። እኔም ስለ ድንበር የወጣ መቶኛ ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ ቀጥሎ «አላውቅም» ያሉት ስንት እንደሆኑ አያለሁ።