የጀበና ዘር ማንዘር

«ቅርጹ ከየት መጣ?» ስለ ጥንት ሸክላ የሚጽፉ ሊቃውንት መቼም ከዚህ ጥያቄ አይወጡም። አንድ ማሰሮ ከመቃብር ሲወጣ እጀታው የግሪክ ነው፣ አንገቱ የፊንቄ ነው፣ ጌጡ የግብፅ ነው ይባላል። እንዲህ ሲከፋፈል ውሎ፣ ጭቃውን ላቦካው ሰው የሚተርፍ ነገር ይጠፋል።

ኤትሩስካውያንን እንውሰድ። ሮም ሳትገን በፊት በመካከለኛው ጣልያን የነበሩ ሕዝብ ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ7ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቡኬሮ የሚባል፣ ብረት መስሎ የሚያበራ ጥቁር ሸክላ ይሠሩ ነበር። ጥቁረቱ ከቀለም አይደለም። እሳቱ አየር ሲነፈገው፣ ቀይ ሊሆን የነበረው አፈር ይጠቁራል። ቅርጹን ከግሪኮችም ከምሥራቅ ከመጣ የብረት ዕቃም ቀድተዋል። በ6ኛው መቶ ዓመት ደሞ ኒኮስቴኔስ የተባለ የአቴና ሸክላ ሠሪ ተነሣና እሱ በተራው ጠፍጣፋ እጀታ ያለውን የእነሱን እንስራ ቀዳ። በግሪክ ሥዕል አስጊጦ መልሶ ለኤትሩስካውያን ሸጠላቸው። ብልጥ ነጋዴ! እንስራው እንግዲህ የማን ይባል? ሰውየው ግን አልተቸገረም፤ «ኒኮስቴኔስ ሠራው» ብሎ ጽፎበታል። ስሙን ያዙልን፣ ኋላ ያስፈልገናል።

እኛ ላምበረት ቤት ተከራይተን የምንኖር ተማሪዎች ጣልያን መሄድ አላስፈለገንም። ስሙ እንኳ የከብት ቤት የሆነው ሰፈራችን፣ ከሰሜን የሚመጣው አውቶቡስ የሚራገፍበት ነው፤ የማይመጣበት አገር ሰው፣ የማይመጣበት ዕቃ የለም። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ዓይነት ጀበና እናያለን። የአከራያችን ጀበና ማፍሰሻ አላት። ከትግራይ የመጡት ጎረቤታችን ጀበና ግን ማፍሰሻ የላትም፤ በአንገቷ ነው የምትቀዳው፣ አተላው እንዳይወርድ አፏ ላይ የፈረስ ጭራ ይወተፍባታል። ሁለቱ ሴቶች በዚህ ነገር ሲከራከሩ ቡናው ይበርዳል። አንዳቸውም አይረቱም፣ እኛም ለመዳኘት አልደፈርንም፤ ከሁለቱም ቤት እንጠጣለና።

«የባህላችን ምልክት» እያልን የምንዘፍንላትን ጀበና ዘሯን ብንቆጥር ግን ጉድ ይፈላል። ቡናው የእኛ ነው፣ ይሁን። ነገር ግን እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ድረስ በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ቡና መጠጣት የሚያስነውር፣ የእስላምና የኦሮሞ ልማድ ተብሎ የሚታይ ነገር ነበር። ዛሬ ያለ ቡና ክርስትናም ተዝካርም የማይሆንላቸው ሰዎች ቅድመ አያቶች ጀበናን እቤታቸው አያስገቡም ነበር ማለት ነው። «ጀበና» የሚለውን ቃል ሱዳኖችም ይሉታል። «ሲኒ» ደግሞ በዐረብኛ በኩል የመጣ፣ «የቻይና» ማለት ነው። ረከቦቱ ላይ ስንት አገር ተቀምጧል!

ጥቁረቷስ? ይህን ለማየት ነው በመገናኛ አድርገን ስድስት ኪሎ፣ ከዚያም ሽቅብ ቀጨኔ የወጣነው። እንጦጦ ሥር የሸክላ ሠሪዎች መንደር አለ፤ ሠሪዎቹ ሴቶች ናቸው። አፈሩ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ይቦካል። መሽከርከሪያ የሚባል መሣሪያ የለም፤ የሚዞረው የሴትየዋ እጅ ነው። ጥላ ውስጥ ጠፈፍ ሲል በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል። ከዚያ እሳት። ከእሳት ሲወጣ እንደ ጋለ ቅጠል ውስጥ ይቀበራል፤ ጢሱ ታፍኖ ያጠቁረዋል። ያው የቡኬሮ ዘዴ፣ ማንም ከማንም ሳይማር! ቅጠሉ ደሞ የባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ የአውስትራሊያ ተወላጅ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ ዋና ከተማውን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር እስኪታሰብ ድረስ በተቸገረችበት በ1880ዎቹ ዓ.ም. በምኒልክ ዘመን ገብቶ እንጦጦን ያለበሰ ዛፍ ነው። ጀበናችንን ያጠቆራት የባዕድ ጢስ ነው ማለት ነው።

ከኛ አንዱ፣ የሊቃውንቱ ጥያቄ አንደበቱ ላይ ስለነበረ፣ ጭቃ ሲያድበለብሉ ያገኘናቸውን እናት «እማማ፣ ይሄ ቅርጽ ከየት የመጣ ነው?» አላቸው።

«ከናቴ ነዋ!»

ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። ቀጥሎ የኒኮስቴኔስን ነገር አጫወትናቸውና፣ ጀበናዋ ገና እርጥብ ሳለች መቀመጫዋ ላይ ስማቸውን ቢጭሩባት ምን እንደሚመስላቸው ጠየቅናቸው።

«ስሜን ጽፌ ደሞ ማን ሊገዛኝ?» አሉ።

ነገሩ ገብቶናል። ምኒልክ በእጁ ሠርቶ የሚያድረውን ሰው በሙያው እየጠሩ መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። አዋጁ መቶ ዓመት አልፎታል። «ቡዳ» የሚለው ቃል ግን ዛሬም ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ወዳጁን ሊያገባ ሽማግሌ የሚልክ የሸክላ ሠሪ ልጅ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ከተማው በሙሉ ቡናውን የሚያፈላባት ጀበና ከማን ቤት እንደወጣች ሳይጠይቅ ይጠጣል፤ የልጅ ጋብቻ ሲመጣ ብቻ ነው ዘር ቆጠራው። ስለ ፊንቄና ስለ ግሪክ ለመመራመር ጊዜ አለን፣ ስለ ቀጨኔ ግን ጸጥ ነው። እኛ በበኩላችን ይህንን «የባህሎች ውህደት» ብለን ልናቆላምጠው አልሆነልንም። የሱዳንን ቃል፣ የቻይናን ሲኒ፣ የአውስትራሊያን ጢስ ያለ ሙግት የተቀበለ ማኅበረሰብ፣ ያዋሃደችውን ሴት ለማዕድ አይጠራም።

እማማ ሌላ ጭቃ አነሡ። አንገቱን በሁለት ጣት እየጎተቱ ሲያወጡ፣ እጃቸው አንድም ጊዜ አላመነታም። እኛ ዋጋውን ከፍለን ጀበናችንን በጋዜጣ ጠቅልለን ቁልቁለቱን ወረድን። ላምበረት ስንደርስ አከራያችን ፈትተው አገላብጠው አዩዋት፤ ሆዷን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉና «ደህና እጅ ነው የሠራት» አሉ። ገና አልተሟሸችም።