ልጅቷ ሰነፍ አልነበረችም

ይሄን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። "ወንድ ሆነህ እዚህ ነገር ውስጥ ምን አገባህ?" የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የሚያገባኝ ስላጠፋሁ ነው።

የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ የስፖርት አስተማሪ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሴት ተማሪዎችን ይዤ ሐኪም ጋራ እወጣለሁ። ዳገቱን የሮጠ ያውቀዋል፤ ከላይ ሲደርሱ ጀጎል ከነግንቡ ከእግር ሥር ይታያል፣ ትንፋሽ ግን የለም። ከልጆቹ አንዷ ዳገቱን ሁሉንም ቀድማ ነው የምትወጣው። ቁልቁለቱ ላይ ግን ትቆማለች። ሁሌም። ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ቀስ ብላ በእርምጃ ትወርዳለች። ገመድ ዝላይ ስንጀምር ደግሞ "ቲቸር፣ አሞኛል" ትላለች። ውሃ ስሰጣት አትጠጣም።

አንድ ቀን ጓደኞቿ ፊት ጮህኩባት። "አቦ ተይ፣ ስንፍናሽ ነው!" አልኳት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀረች። ከዚያም በኋላ አልመጣችም።

ነገሩን የነገረችኝ አብራኝ የምታስተምር ባልደረባዬ ናት። ልጅቷ ለሷ አልቅሳ ነግራት ኖሯል። ስትዘልና ቁልቁለት ስትሮጥ ሽንት ያመልጣታል። ትንሽ ነው፣ ግን ያመልጣታል። ውሃ የማትጠጣው ለዚህ ነው፤ ሹራቡም ለዚህ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ፊስቱላ የያዛት መስሏት ነበር። (ይሄን የምጽፈው በባልደረባዬ በኩል ፈቅዳልኝ ነው። ማን እንደሆነች ለመገመት የምትሞክሩ እባካችሁ ተዉት።)

እህቴ አዋላጅ ነርስ ናት። ደወልኩላት። መጀመሪያ ሳቀችብኝ፣ ቀጥላ ተቆጣችኝ፣ ከዚያ አስረዳችኝ።

ፊስቱላ ሌላ ነው። ምጥ ለቀናት ሲራዘም የሕፃኑ ጭንቅላት ሥጋውን ተጭኖ ደም ያቋርጥበታል፤ በፊኛና በብልት መካከል ቀዳዳ ይፈጠርና ሽንት ሌት ተቀን ይፈሳል። ዶክተር ካትሪንና ዶክተር ሬጅናልድ ሃምሊን በ1959 እ.ኤ.አ. አገራችን መጥተው ዕድሜያቸውን የሰጡት ለሱ ሕክምና ነው፤ ሆስፒታላቸው እዚሁ ሐረርም ማዕከል አለው። ወልዳ የማታውቅ፣ ስትዘል ብቻ ጠብ የሚልባት ልጅ ግን ነገሩ የጡንቻ ነው።

ከዳሌ አጥንት ሥር፣ ከፊት እስከ ኋላ፣ እንደ አልጋ ጠፍር የተወጠረ ጡንቻ አለ። ፊኛን፣ ማህፀንን፣ አንጀትን ከታች የሚደግፈው እሱ ነው። ስንዘልም ስናስልም የሆድ ግፊት ወደ ታች ይመጣል፤ ጡንቻው በሰዓቱ ካልጠበቀ ሽንት ያመልጣል። እግሯ ብረት የሆነ ሯጭም ላይ ይደርሳል። በ2002 እ.ኤ.አ. ስዊድን ውስጥ በወጣ ጥናት፣ ወልደው የማያውቁ 35 የትራምፖሊን ዝላይ ስፖርተኞች ተጠይቀው 28ቱ ልምምድ ላይ እንደሚያመልጣቸው ተናግረዋል። አማካይ ዕድሜያቸው 15 ነበር! የኔ ተማሪዎች እኩያ። ስንት የጡንቻ ስም አሸምድጄ ተፈትኜበታለሁ፤ ይሄኛውን ማንም አላስተማረኝም፣ እኔም አላስተማርኩም።

ልምምዱን በ1948 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው አርኖልድ ኬግል የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነው። ፈስ እንደሚይዝ ሰው (ይቅርታ፣ እህቴ ያለችው እንዲህ ነው) ጡንቻውን ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሰብስቦ ለጥቂት ሰከንድ መያዝ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ። ትንፋሽ ሳይታፈን፣ ቂጥና ጭን ሳይወጠር። ቢያንስ 8 ጊዜ፣ በቀን 3 ጊዜ፣ ቢያንስ ለ3 ወር። ከመዝለል ወይም ከማስነጠስ በፊት ቀድሞ ማጥበቅም ይረዳል። እየሸኑ ሽንትን እያቋረጡ መለማመድ ግን ጥሩ አይደለም። ውሃ መተውማ ጭራሽ፤ በሐረር ፀሐይ ላይ ደርቆ መሮጥ ነው። ማቃጠል፣ ደም ወይም የማያቋርጥ መፍሰስ ካለ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

እህቴ አንድ ቅዳሜ መጥታ ልጆቹን ለብቻቸው አነጋገረች። እኔ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ስትወጣ "አንዷ ብቻ አይደለችም" አለችኝ። ስንት እንደሆኑ አልጠየቅኳትም።

አሁን ከሩጫ በፊት የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ ከዘበኛው ከጋሼ እቀበላለሁ። እስከዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ተቆልፎ ነበር የሚውለው፣ እኔም ልብ ብዬው አላውቅም። ቁልቁለቱን በእርምጃ ነው የምንወርደው፣ ሁላችንም። ለልጅቷ በባልደረባዬ በኩል ይቅርታ ልኬያለሁ፤ ልምምዱን ቤቷ ጀምራለች ተብያለሁ። መምጣት ከፈለገች ሰዓቱ እንደድሮው ነው፣ ጠዋት 12 ሰዓት።