ልጁን ማን ይይዝልኛል?

በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በዙሪያቸው ባሉ የቡና ቀበሌዎች የተወለድን ልጆች ስፖርትን ከቤታችን ጋር አገናኝተነው አናውቅም። ስፖርት የትምህርት ቤት ክፍለ ጊዜ ነበር፤ የወንዶች ኳስ ሜዳ ነበር፤ በሬዲዮ የሚጠራ የደራርቱ ስም ነበር። እናት ስፖርት ትሠራለች ብሎ ያሰበ ልጅ ከመካከላችን አልነበረም። ዛሬ እኛው እናትና አባት ሆነናል። ትንንሽ ልጆች አሉን፤ ወገባችንን ይዘን ደረጃ እንወጣለን፤ ስንገናኝ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት እናወራለን። ዕድሜያችን ገና አርባን መንካቱ ነው።

ታዲያ ጨዋታው ሲነሳ ከእኩዮቼ አንዷ ሁልጊዜ እንዲህ ትላለች፦ «እናቶቻችን እኮ ምንም ስፖርት ሳይሠሩ ብረት ነበሩ፤ እኛ ሰነፍን።» ይህን ፍርድ አልቀበለውም። ለእናቶቻችንም ለእኛም እውነቱ ይህ አይደለም።

የእኔ ትውልድ ወላጆች ከየአቅጣጫው የተሰባሰቡ ናቸው። ቤንቹ፣ ሸኮው፣ ሸካው፣ ካፋውና ማጃንጉ አሉ። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ በሰፈራ ከወሎ የመጡ አሉ። ከከምባታና ከወላይታ ለቡና ለቀማ መጥተው እዚሁ ጎጆ የቀለሱም አሉ። ብዙዎቻችንን ያሳደገን በአንድ በኩል የጓሮ ቡና፣ በሌላ በኩል ከሚዛን ወደ ደቡብ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው፣ ስፋቱ ወደ 10 ሺህ ሄክታር የሚጠጋው የበበቃ ቡና እርሻ ነው። ያኔ የመንግሥት እርሻ ነበር። እናቶቻችን ከየትም ይምጡ፣ ምንም ዓይነት ቋንቋ ይናገሩ፣ ለቀማ ሲደርስ ሁሉም ቅርጫት ያነሳሉ።

ለቀማ የወጣች እናት በዓይኔ ላይ አለች። አጎንብሳ ሕፃኑን ጀርባዋ ላይ ታስተኛዋለች፤ ጎረቤቷ ከኋላ ነጠላውን ታለብስላታለች፤ እሷ ጫፍና ጫፉን ከጡቷ በላይ አጥብቃ ትቋጥርና አንዴ ነቅነቅ ብላ ልጁን ወደ ላይ ታደላድለዋለች። ቅርጫቱ ወገቧ ላይ ይታሰራል። በግራ እጇ ቅርንጫፉን ዝቅ አድርጋ፣ በቀኟ ቀዩን ብቻ እየመረጠች ትለቅማለች፤ አረንጓዴ ከተቀላቀለባት ማታ ሚዛኑ ዘንድ ክርክር አለ። ልጁ ሲያለቅስ እግሯን እያፈራረቀች ታወዛውዘዋለች እንጂ እጇ አያቆምም። መሬቱ ጭቃ ነው፤ ቁልቁለትና ዳገት ነው፤ በኮንጎ ጫማ ይኬዳል፣ ኮንጎው ሲበጠስ በባዶ እግር። ቤት ስትገባ ደግሞ ውኃው ከምንጭ፣ እንጨቱ ከጫካ፣ ጎደሬው ከጓሮ ይጠብቃታል።

ይህ «ምንም ሳይሠሩ» የሚባል ኑሮ አይደለም። ጤናም ነው ብዬ ግን አልዋሽም። ሰውነት የሚጠነክረው ድካሙን ዕረፍት ሲከተለው ነው፤ እነሱ ዘንድ የተትረፈረፈው ድካሙ ነበር። ዕረፍት የሚባለውን የሚያውቁት በአራስነታቸው ነው፦ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እየተባለ ገንፎው ይገባል፣ አጥሚቱ ይመጣል፣ ሆዷ በመቀነት ይታሰራል። እሱም ቢሆን ለቀማ ከደረሰ ወይም ቤቱ ሰው ካጣ ያጥራል። አራስ ሆና ከባድ እንስራ ያዘለች ሴት ማህፀኗ ወደ ታች ሊወርድ እንደሚችል ዛሬ ሐኪም ይነግረናል። ያኔ ግን በሹክሹክታ «ወገቧን ነው» ይባልና ይታለፋል። ስታስነጥስ፣ ስትስቅ ሽንት የሚያመልጣት እናት ለማንም አትናገርም፤ ለገዛ እህቷም። ብረት የምንላቸው ሴቶች ስልሳ ሳይሞላቸው በምርኩዝ ሲሄዱ አይተናል። ያንን ሥቃይ ውበት አድርጎ ማውራት ነውር ይመስለኛል።

እናቶቻችን የነበራቸው፣ እኛ ግን ያጣነው ሌላ ነገር ነው። ልጅ የሚይዝ እጅ ነበራቸው።

በእኛ ሰፈር ከሰዓት በኋላ የቡና ቅጠል ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር ተፈልቶ ጨሞ ይጠጣል። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ ሕፃኑ ከአንዷ ጭን ወደ ሌላዋ ይዞራል። የእናቱ ጭን ላይ ተመልሶ የሚመጣው ሲርበው ነው። አንዷ ልጁን ስትይዝ እናቱ ትነሳና ወንዝ ወርዳ ገላዋን ትታጠባለች፣ ዘመድ ትጠይቃለች፣ ወይም ዝም ብላ ጋደም ትላለች። ሰባት ዓመት የሞላት ልጅ ታናሿን ታዝላለች። እኔም አዝያለሁ፤ ሰኞ ማክሰኞ የዘለልኩት ወንድሜን ጀርባዬ ላይ አድርጌ ነው። እርግጥ ይህም የራሱ ዋጋ ነበረው፤ በዚያ ምክንያት ከትምህርት የቀሩ የክፍል ጓደኞች ነበሩኝ። ያም ሆኖ አንዲት እናት ቀኑን ሙሉ ከሕፃን ጋር ለብቻዋ በአንድ ክፍል ተዘግታ አትውልም ነበር።

እኛ ተዘጋን። የሆነው በአንድ ጊዜ አይደለም። ሚዛን-ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ሲጀምር ከመካከላችን አንዳንዶቹ ተማሪ፣ አንዳንዶቹ ሠራተኛ ሆንን። ከጅማ በቦንጋ የሚመጣው መንገድ አስፋልት ሆነ፤ ባጃጅና ሞተር በረከተ። ኮረብታውን በእግር የሚወጣ ሰው ሥራ ፈት መሰለ። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ክልል ሲመሠረት ሚዛን አማንና ቴፒ የክልሉ ቢሮዎች መቀመጫ ከሆኑት ከተሞች መካከል ገቡ፤ ወንበር ላይ የሚውለው ሰው ያን ያህል በዛ። ቤት ስንከራይ የግቢው በር ተቆለፈ። እናቶቻችን ገጠር ቀሩ ወይም አረጁ። ልጅ ትይዝልን የነበረችው የገጠር ልጅ ዛሬ ትማራለች፤ ደግ ሆነ። ሌላዋ ዓረብ አገር ሄደች። ሞግዚት ብትገኝም ደመወዟ ከመምህር ደመወዝ ላይ የሚቀነስ ነው። ማታ ልጁ ሲተኛ ደግሞ የእሱን ትራፊ በልተን ስልክ ይዘን እንጋደማለን።

ስለዚህ «ጊዜ የለኝም» ስንል ሰነፍ የሚሉን ሰዎች ጥያቄውን አልሰሙም። የእኔ ትውልድ ሴት ጠዋት ስፖርት ጫማዋን አይታ የምትጠይቀው «ፍላጎት አለኝ ወይ?» ብላ አይደለም። «ልጁን ማን ይይዝልኛል?» ብላ ነው።

ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስታመጣ እኛ ሕፃናት ነበርን። በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ በዚያው ርቀት ዳግመኛ ወርቅ ስትወስድ ግን ነፍስ አውቀናል። ሯጯ ያኔ እናት ነበረች። በሬዲዮ የሰማን፣ ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ተጨናንቀን ያየን ሁሉ ያን ቀን አንረሳውም። በ2002 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ደግሞ በ37 ዓመቷ የኒውዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። ጥሩነሽ ዲባባም ልጇን በወለደች በዓመት ከመንፈቅ ገደማ፣ በ2008 ዓ.ም. ክረምት፣ በሪዮ ኦሎምፒክ የነሐስ ሜዳልያ ወሰደች። እነዚህ ሴቶች እናትነት የሰውነት መጨረሻ እንዳልሆነ አሳይተውናል፤ ለዚህ ሁልጊዜ አመሰግናቸዋለሁ። ነገር ግን ሲሮጡ አይተን ያጨበጨብን ሁሉ፣ በልምምዱ ሰዓት ሕፃኑ በማን እቅፍ እንደነበር ጠይቀን አናውቅም። ያልጠየቅነው ጥያቄ በእኛ ተራ ሲመጣ መልስ አጣንለት።

ሕጉ ትንሽ ተራምዷል። በቀድሞው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 60 ቀን ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ 90 ቀን አሳደገው፣ ከወሊድ በፊት ያለው 30 ቀን እንዳለ ሆኖ። ለአባት የተሰጠው 3 ቀን ነው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ደግሞ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። ማቆያው ባለበት መሥሪያ ቤት የምትሠራ እናት ምሳ ሰዓት ላይ ጡት አጥብታ ግማሽ ሰዓት በእግሯ መሄድ ትችላለች። በሌለበት የምትሠራዋ ያንን ግማሽ ሰዓት በባጃጅ ቤት ደርሳ ለመመለስ ታውለዋለች። ልዩነቱ አንድ ክፍልና አንዲት ተንከባካቢ ነው።

ስለ አባቶች ሳልናገር አላልፍም። አባቶቻችን ልጅ አዝለው አላየንም። የእኛ ባሎች ልጅ ያቅፋሉ፣ ያጥባሉ፣ ትምህርት ቤት ያደርሳሉ፤ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፣ ደስ ይለኛል። ሆኖም እሁድ ጠዋት ኳስ ሜዳ የሚሄደው አሁንም እሱ ነው። ከወለደ በኋላ ኳሱን ያቆመ ወንድ በሰፈሬ አላውቅም፤ ከወለደች በኋላ መረብ ኳሷን ያቆመች ሴት ግን በየግቢው አለች። በትምህርት ቤት ሳለን ማንም የማይቀድማት የነበረች ጓደኛዬ ልጅ ከወለደች ወዲህ ሮጣ አታውቅም። ባሏ ክፉ ሰው አይደለም። «እሁድ አንዱን ጠዋት እኔ፣ ሌላውን አንተ» የሚል ንግግር በቤታቸው ተነስቶ ስለማያውቅ ብቻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ነፍሰ ጡርና የወለደች እናትም ከጤናዋ ጋር የሚጋጭ ነገር እስከሌላት ድረስ በዚሁ ውስጥ ናት። በቀን ሲካፈል ከ20 ደቂቃ ብዙም አይርቅም። ከሚዛን ወደ አማን የሚወስደውን መንገድ ፈጠን ብሎ መራመድ ይበቃል፤ እያወሩ ለመሄድ የሚያስችል፣ ለመዝፈን ግን ትንፋሽ የሚያሳጥር አረማመድ ማለት ነው። ጂም የሚባለው የግድ አይደለም። በቅርብ ለወለደች ሴት ደግሞ መጀመሪያው ዝግታ ነው፦ ጤና ጣቢያ ታይታ፣ ሽንት እንደሚይዙ ያህል ከታች ያለውን ጡንቻ ጨምቆ መልቀቅን ቁጭ ብላ እያጠባችም ትለማመዳለች። ይህን ለእናቶቻችን የነገራቸው አልነበረም። ለእኛም የተነገረን ዘግይቶ ነው፤ ታናናሾቻችን ግን ከመውለዳቸው በፊት ሊሰሙት ይገባል። ማፈሩ ይብቃ።

ስለ ልጆቹም አስባለሁ። ያው ድርጅት ከሦስት እስከ አራት ዓመት ላለ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንቅስቃሴ፣ ስክሪን ደግሞ ቢበዛ አንድ ሰዓት ይላል። እኛ ይህን ሳንቆጥረው እናልፈው ነበር፦ አባሮሽ፣ ሱዚ፣ የጨርቅ ኳስ፣ ማንጎ ዛፍ። የእኛ ልጆች በተቆለፈ ግቢ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠው የስልክ ካርቱን ያያሉ፤ ስልኩን የምንሰጣቸው ወጥ እስክንሠራ ነው። የእናትና የልጅ ሰውነት አብሮ እየተቀመጠ ነው፤ ሲነሳም አብሮ መነሳት አለበት።

በሰፈራችን ያሉ ጥቂት እናቶች የጀመርነው ነገር አለ። ሐሳቡን ያገኘነው ከደቦ ነው። አዝመራ ሲደርስ ዛሬ የአንዱ፣ ነገ የሌላው ማሳ እንደሚሠራ ሁሉ፣ ጠዋት ጠዋት ሁለት እናቶች የሁሉንም ልጆች ሰፊ ግቢ ካላት ጎረቤታችን ዘንድ ይይዛሉ፣ የቀሩት በእግር ይወጣሉ፤ በማግስቱ ተራው ይዞራል። መጀመሪያ አስቸጋሪ ነበር። ልጄን ለሰው ትቼ መንገድ ለመንገድ መሄድ ኀፍረት ሆነብኝ፤ ያየን ሰውም «ምን ሆናችሁ ነው? ለቅሶ አለ ወይ?» እያለ ይጠይቀን ነበር። አንዲት ትልቅ ሴት፣ እትዬ የምንላቸው፣ ነገሩን ሰምተው «ልጆቹን ለእኔም አምጡልኝ፣ ብቻዬን ነው የምውለው» አሉን። አሁን የተራው ደብተር ውስጥ ስማቸው አለ። ከባሎቻችንም ሁለቱ ገብተዋል፤ ዓርብ የእነሱ ነው።

ዝናብ ሲመጣ፣ እዚህ አገር ደግሞ የማይመጣበት ወር ጥቂት ነው፣ በረንዳ ላይ ገመድ እንዘላለን፣ ልጆቹ ይቆጥሩልናል። ጭቃው ሲደርቅ ወደ መንገዱ እንመለሳለን። መንገዱ ግን የመኪናና የባጃጅ ነው፤ የእግረኛ ጠርዝ በሌለበት ቦታ ልጅ ይዞ መሄድ ያስፈራል። ልጆች ሆነን የተጫወትንባቸው ባዶ ሜዳዎች ብዙዎቹ ታጥረዋል ወይም ቤት ተሠርቶባቸዋል። ስለዚህ አሁን ለከተማችን አስተዳደር የምናቀርበውን ማመልከቻ እየጻፍን ነው። የምንጠይቀው በየሰፈሩ አንድ ሣር የለበሰ ቦታ ነው፦ ዙሪያውን ሰው የሚራመድበት፣ መሐሉን ሕፃናት የሚሮጡበት፣ ልጅ ለምትጠብቅ ሴት ከዋንዛ ጥላ ሥር አግዳሚ ወንበር ያለው፣ ባጃጅ የማይገባበት። ፊርማ በማሰባሰብ ላይ ነን፤ ከእናቶች ይልቅ የአባቶች ፊርማ ገና ያንሳል።