ከፊት ረድፍ የማይደረደሩ ፊልሞች

በአንድ ወቅት አዲስ አበባ ውስጥ ቪዲዮ ቤት ገብቶ ካሴት የሚከራይ ሰው፣ ከባንኮኒው በስተጀርባ የተቀመጠውን ልጅ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ብሎ መጠየቁ የተለመደ ነበር። ልጁ ደንበኛውን ያውቀዋልና «ይቺን ትወዳታለህ፤ ያቺኛዋ ግን ላንተ አትሆንም» ይለዋል። አንዳንዴ ይሳሳታል፤ ያን ጊዜ በማግስቱ እየሣቁ ይወቃቀሱበታል። ዛሬ የዚያን ልጅ ወንበር የያዘው ቀመር ነው። ቀመሩ ትናንት ምን እንዳየን፣ የትኛው ደቂቃ ላይ ሰልችቶን እንዳቋረጥን ያውቃል። ማን እንደሆንን ግን አያውቅም፤ ሲሳሳትም የሚወቀስ ፊት የለውም።

ፖለቲካ ሊያነብ የመጣ ሰው፣ ስለ ፊልም ምርጫ ምን አስወራህ ቢለኝ አልፈርድበትም። መልሴ አጭር ነው። የምናየውን ማን እንደሚመርጥልን መጠየቅ ራሱ የፖለቲካ ጥያቄ ነው። እኛ ደግሞ በሳንሱር ዘመን ያደግን ወይም ከሳንሱር ዘመን ሰዎች የተወለድን ስለሆንን፣ ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለንም።

እስኪ በቁጥር እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለት የኔትፍሊክስ ኃላፊዎች ስለ ድርጅታቸው አሠራር ባሳተሙት ጽሑፍ፣ አንድ ተመልካች የሚያየውን ለመምረጥ የሚታገሠው ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ያህል እንደሆነ ገልጸዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከ10 እስከ 20 የሚሆኑ ርእሶችን ዓይቶ፣ የሚጥመው ካጣ ትቶ ይሄዳል። ሰዎች ከሚያዩት ሰዓት 80 በመቶ የሚሆነውም ቀመሩ ፊታቸው ካስቀመጠላቸው የሚመጣ ነው። ይኸው ድርጅት በታኅሣሥ 2023 የተመልካቾቹን ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ በዝርዝር ሲያወጣ፣ በስድስት ወር ውስጥ 100 ቢሊዮን የሚጠጋ ሰዓት የታዩ ከ18,000 በላይ ርእሶችን ዘርዝሯል። ሁሉም በየአገሩ እንደማይታይ የታወቀ ነው። ቢሆንም ሃያውን ቃኝቶ የሚነሣ ሰው፣ ከዘጠኝ መቶው አንዱን ዓይቶ «የሚታይ ነገር ጠፋ» እያለ ነው ማለት ነው። የተረሳው ነገር ያለው በቀረው ውስጥ ነው።

የድሮው ሳንሱር ቢያንስ ስም ነበረው። የሴኔጋሉ ዳይሬክተር ኡስማን ሴምቤን «ሴዶ» የተባለውን ፊልሙን በ1977 ሲያወጣ፣ ባለቅኔው ፕሬዚዳንት ሴንጎር በአገር ውስጥ እንዳይታይ አገዱት። የተሰጠው ምክንያት ርእሱ የተጻፈበት ፊደል ነበር፤ «መጻፍ የሚገባው በአንድ ዲ ሆኖ ሳለ በሁለት ዲ ተጽፏል» ተባለ። ለአንዲት ፊደል ሲባል አንድ ፊልም ታገደ! ይህ የሚያስቅም የሚያበሳጭም ነው፤ ግን ሰው ፊልሙ መታገዱን ስላወቀ ማየት ፈለገ። የዛሬው መደርደሪያ ማንንም አያግድም። ፊልሙ አለ፤ የሚቀመጠው ግን እጃችን በማይደርስበት ጥግ ነው። ያልተከለከለን ነገር ደግሞ ማንም አይናፍቅም።

የራሳችን ሰው የኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» ታሪክ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ፊልሙ በ1993 ሲወጣ በአሜሪካ የሚያከፋፍለው ድርጅት ባለመገኘቱ፣ ዳይሬክተሩና ባልደረቦቹ ራሳቸው አዳራሽ እየተከራዩ ከከተማ ከተማ ይዘውት ዞሩ። ሰውም በአፍ ወሬ ተጠራርቶ አየው። ፊልሙ ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው በመስከረም 2021 ነው። ሃያ ስምንት ዓመት! በዚያ ሁሉ ጊዜ ፊልሙን በሕይወት ያቆየው፣ ዋሺንግተን ውስጥ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በጆርጂያ ጎዳና ላይ እንዳለው የዳይሬክተሩ የመጻሕፍትና የፊልም ቤት ያለ ቦታ፣ «ይህን አይተኸዋል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ባለፈው ክረምት አጎቴ ሊጠይቁን ወደዚህ፣ ወደ ዋሺንግተን አካባቢ መጥተው ነበር። በአንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ በቀበሌ ጸሐፊነት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ማታ ማታ ቴሌቪዥኑ የሚያቀርብልንን የተኩስና የመኪና ግልቢያ ፊልም እንከፍታለን፤ እርሳቸውም በትሕትና ጥቂት አይተው ያሸልባሉ። አንድ ምሽት የቀመሩን ምክር ትቼ የዳይሬክተሩን ስም በመፈለጊያው ሳጥን ጽፌ «ማንዳቢ»ን አወጣሁ። የዚያው የሴምቤን ሥራ ነው፤ በ1968 በወሎፍ ቋንቋ የተሠራና ከምዕራብ አፍሪካ በአገሬው ቋንቋ ከተሠሩ የመጀመሪያዎቹ ረጅም ፊልሞች አንዱ። በነገራችን ላይ የእኛው «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. ወጥቶ ይቀድመዋል፤ ይህንንም የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። ኢብራሂማ ጄንግ ሥራ ያጣ፣ ሁለት ሚስቶችና ሰባት ልጆች ያሉት፣ ኩሩ የዳካር ሰው ነው። ፓሪስ መንገድ የሚጠርገው የእኅቱ ልጅ 25,000 ፍራንክ ሐዋላ ይልክለታል። 20,000ው እንዲቀመጥለት፣ 3,000ው ለእናቱ፣ 2,000ው ለአጎቱ እንዲሆን በደብዳቤ ያዝዛል። ወሬው ከገንዘቡ ቀድሞ ሰፈሩን ያዳርሳል። ባለሱቁ ዱቤ ይፈቅዳል፤ ጎረቤት ሁሉ ብድር ሊጠይቅ ይሰለፋል። ኢብራሂማ ፖስታ ቤት ሲደርስ መታወቂያ ይጠየቃል። መታወቂያ ለማውጣት የልደት ምስክር ወረቀት፣ ጉርድ ፎቶና ቴምብር ያስፈልጋል። የልደት ምስክር ወረቀት ለማግኘት የተወለደበትን ቀን ማወቅ አለበት፤ እርሱ የሚያውቀው በግምት 1900 ገደማ መወለዱን ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አልናገርም። ውክልና የሚባል ነገር እንደሚመጣ ብቻ ጠቁሜ ልለፈው፤ አገር የሚያውቅ ሰው የቀረውን ይገምታል።

የግርጌ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ስለነበር እያንዳንዱን ንግግር ለአጎቴ እየተረጎምኩ ተቀመጥኩ። ሩብ ሰዓት እንኳን ሳይሞላ «ተወው ልጄ፣ አትድከም፤ ገብቶኛል» አሉኝ። የልደቱን ቀን ሲያጣ ከት ብለው ሣቁ። «እኛም ዘንድ ‹ጣልያን ሲገባ የሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ› እያለ የሚመጣ ስንቱ ነበር!» አሉ። እየቆየ ግን ሣቃቸው ጠፋ። ሰውዬው ከመስኮት ወደ መስኮት ሲመላለስ፣ ጸሐፊው ቀና ብሎ ሳያየው ሲመልሰው፣ አጎቴ ወደ ፊት ጠጋ ብለው ተቀመጡ።

«ደከመዎት እንዴ ጋሼ? ላቋርጠው?» አልኳቸው።

«የለም፣ ይቀጥል» አሉ። ቆየት ብለውም ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ እንዲህ አሉ። «እኔ ክፉ ሰው አልነበርኩም። ግን ወረፋው ረጅም ነበር፤ ‹ነገ ና› ማለት ደግሞ ቀላል ነበር።»

ስለ ቢሮክራሲ ብዙ ጽሑፍ አንብቤያለሁ፤ እኔም ጽፌያለሁ። አንዱም ለአጎቴ ይህን ዐረፍተ ነገር አልሰጣቸውም። ሴምቤን ማርሴይ ወደብ ላይ የጉልበት ሥራ የሠራ፣ በራሱ ጥረት ደራሲ የሆነ፣ ወገኑ መጻሕፍቱን ማንበብ እንደማይችል ሲያይ ደግሞ ዕድሜው አርባ ሊሞላ ሲል ሞስኮ ሄዶ የፊልም ሥራ የተማረ ሰው ነበር። ፊልሙን የሠራው ለማን እንደሆነ ያን ምሽት በዓይኔ አየሁ። ዳካር ላለ ለማያነብ ሰው የታሰበው፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ አንድ ጡረተኛ የቀበሌ ጸሐፊ ዘንድ ደረሰ።

ነገሩ ለእኛ ለስደተኞቹ ደግሞ ሌላ ስለት አለው። በፊልሙ ውስጥ እኛ ኢብራሂማን አይደለንም፤ መንገድ ጠራጊው ልጅ ነን። እኛ ከዚህ ስንልክ የሚደርሰን የሐዋላው ቁጥርና የአገልግሎት ክፍያው ደረሰኝ ነው። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ የሚያልፍበትን በር፣ የሚከፈተውን መዳፍ፣ ባለቤቱ የሚዋጠውን ውርደት አናይም። መንግሥታት የሐዋላን ገቢ በቢሊዮን ዶላር ሲቆጥሩ እንሰማለን፤ መስኮቱ ሥር የቆመውን ሰው የሚቆጥር የለም። «ማንዳቢ» እርሱን ይቆጥራል። አጎቴም ፊልሙ ሲያልቅ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ልጁስ? ያ ፓሪስ ያለው ልጅ የሆነውን ሰማ ይሆን?»

ታዲያ እንዲህ ያለውን ፊልም ከየት እናምጣው? የእኔ ልማድ ይህን ይመስላል።

አንደኛ፣ የመጀመሪያውን ገጽ አልፎ በስም መፈለግ ነው። አንድ ፊልም ከወደድን የዳይሬክተሩን፣ የካሜራ ባለሙያውን፣ የተዋናዩን ስም ጽፈን እንከተለው። ቀመሩ የሚያውቀው የትናንት ልማዳችንን ነው፤ ስም ይዞ የሚመጣን ሰው ግን ወደ ኋላው መደርደሪያ ማስገባቱ አይቀርም።

ሁለተኛ፣ ሰዎች ያዘጋጁትን ዝርዝር መከተል ነው። ማርቲን ስኮርሴዚ በ2007 የጀመረው የዓለም ሲኒማ ፕሮጀክት የሚያድሳቸው ፊልሞች፣ እንዲሁም በ2017 ከአፍሪካ ፊልም ሠሪዎች ማኅበርና ከዩኔስኮ ጋር የተጀመረው የአፍሪካ ፊልም ቅርስ ፕሮጀክት ጥሩ መነሻ ናቸው። በዋጋዱጉ የሚካሄደው የፌስፓኮ ፌስቲቫል ሽልማቶችም እንዲሁ። «ጤዛ» በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። ስለ ያ ትውልድ በየስብሰባው የሚጨቃጨቅ ሰው፣ ከጀርመን ተምሮ የተመለሰውን የአንበርብርን ታሪክ ሳያይ ባይከራከር እመርጣለሁ።

ሦስተኛ፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትን ካርድ አለመናቅ ነው። አሜሪካ ላሉ አንባብያን፣ ካነፒ የተባለው አገልግሎት ቤተ መጻሕፍታቸው አባል ከሆነ ያለ ክፍያ ይከፈትላቸዋል። ሙቢም ለብዙ ዓመታት በየቀኑ አንድ ፊልም እየጨመረ፣ ለሠላሳ ቀን አሳይቶ የሚያነሣ፣ መራጮቹም ሰዎች የሆኑበት ቤት ነበር። ትንሽ መደርደሪያ ከትልቅ መጋዘን የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

አራተኛ፣ ያገኙትን ለነገ አለማለት ነው። የማሳያ መብት በየአገሩና በጊዜ ተወስኖ የሚሸጥ በመሆኑ፣ ዛሬ ያየነው ርእስ በሚቀጥለው ወር ላይኖር ይችላል። ከዚያም የባሰ አለ። የመሐመድ ሬዛ አስላኒ «የነፋስ ቼዝ» በ1976 ኢራን ውስጥ ተሠርቶ፣ ከአብዮቱ በኋላ ታግዶ ለአሥርት ዓመታት ጠፍቶ ነበር። በ2014 የዳይሬክተሩ ልጅ ቴህራን ውስጥ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ቅጂውን አገኘው፤ በ2020 ታድሶ ለዕይታ በቃ። አንድ የሚያልፍ ሰው ዓይኑን ባያሳርፍበት ኖሮ ያ ፊልም የቆሻሻ ቅርጫት ሲሳይ ይሆን ነበር።

አምስተኛ፣ አሁን የምንኖርበትን ጥያቄ ይዞ የድሮን ፊልም መፈለግ ነው። በሐምሌ 2024 ኢትዮጵያ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ስትለቅና የዓለም የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ሲያጸድቅ ስንቱ ተጻፈ፣ ስንቱ ተሰደበ! የአብደራህማን ሲሳኮ «ባማኮ» ግን ከ2006 ጀምሮ ተቀምጦ ይጠብቀናል። በማሊ ዋና ከተማ በአንድ ግቢ ውስጥ የዓለም ባንክና የገንዘብ ድርጅቱ ለፍርድ ቀርበዋል፤ እውነተኛ ጠበቆች ይከራከራሉ፤ ከጎናቸው ሴቶች ጨርቅ ይነክራሉ፤ የግቢው ኑሮ ይቀጥላል። ለክርክራችን ከአንድ ሳምንት የቴሌቪዥን ውይይት የበለጠ ስንቅ ይሆናል።

እንግዲህ የኔትፍሊክስንም ሆነ የሌላውን ቀመር ለመርገም አልተነሣሁም። ቀመር ነጋዴ ነው፤ የሚሸጥለትን ከፊት ይደረድራል። ከፊት ከተደረደረው ውጪ ዕቃ የለም ብለን ስናምን ግን ምርጫችንን በውክልና ሰጠነው ማለት ነው። የውክልናን መዘዝ ደግሞ ኢብራሂማ ጄንግ ይነግራችኋል። መፍትሔው ከቪዲዮ ቤቱ ልጅ ዘመን ያልራቀ፣ ዋጋ የማይጠይቅ ነገር ነው፤ አንድ ጥሩ ፊልም ያየ ሰው በዚያው ሳምንት ለአንድ ሰው ስሙን ይንገር። አጎቴ አገር ቤት ከተመለሱ በኋላ ስልክ ደውለው ከሰላምታ ቀጥሎ ያሉኝ ይህ ነበር፤ «የዚያን የሐዋላውን ሰውዬ ፊልም ስም ጻፍና ላክልኝ። አሁን ቀበሌ የሚሠራ አንድ ልጅ አለ፤ እንዲያየው እፈልጋለሁ።»

ቸር ይግጠመን።