ጉንዳን አልነበረም

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ሐር ትል ነው። «ትል ደግሞ ምን ይጻፍለታል?» እንዳትሉ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ባለፈው ክረምት አጎቴ የሐር ትል እንቁላል በወረቀት ጠቅልሎ አመጣልኝ። እንቁላሎቹ ከጤፍ ትንሽ ቢበልጡ ነው። ከሳምንት በኋላ ተፈለፈሉና ጉንዳን የሚያካክሉ 23 ትሎች ወጡ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲባል የምሰማውን በዓይኔ አየሁት። እኔና 3ኛ ክፍል የሚማረው ታናሽ ወንድሜ የጫማ ካርቶን ቀዳድተን ቤት ሠራንላቸው።

ምግባቸው የጉሎ ቅጠል ነው። ጉሎ አጥራችን ጥግ ስላለ ምንም ብር አላወጣንም። ዝናብ የነካውን ቅጠል ግን በጨርቅ እያደረቅን ነበር የምንሰጣቸው። ትልልቅ ሲሆኑ ምን ልበላችሁ፣ ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል የሚበሉበት ድምፅ ካፊያ የሚዘንብ ይመስላል።

አጎቴ አንድ ነገር አስጠንቅቆኝ ነበር። «የሐር ትል አራት ጊዜ ቆዳውን ይቀይራል። የእኛ ቆዳ አብሮን ያድጋል፣ የእሱ ግን አያድግም። ስለዚህ ሲጠበው አሮጌውን ጥሎ በአዲስ ይወጣል። ያን ጊዜ መብላት ያቆማል፣ አይንቀሳቀስም፣ የሞተ ይመስላል። አደራ እንዳትነኪው!» አለኝ።

ሁለቱ ጊዜ በሰላም አለፈ። በሦስተኛው ጊዜ ከሁሉም የሚወፍረው ትል መብላት አቆመ። ስሙን ድቡሼ ብለነው ነበር። በኋላ እግሮቹ ቅጠሉን ይዞ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ዝም አለ። በማግስቱ ሌሎቹ ሲወጡ የድቡሼ ቆዳ ከራሱ ኋላ ተሰንጥቆ እዚያው ቀረ። ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ። በቃ አላስቻለኝም። የእናቴን ወረንጦ አመጣሁና ልርዳው ብዬ ቀስ አድርጌ ሳብኩት። አሮጌው ቆዳ ከአዲሱ ጋር ተቀደደ። አዲሱ እኮ ገና ለስላሳ ነው። አረንጓዴ ውሃ ፈሰሰው፣ ማታ ላይ ሞተ። ጉሎው ሥር ቀበርኩት።

ወንድሜ ሱቅ ተልኮ ሲመለስ «ድቡሼስ?» አለኝ።

«ጉንዳን ወሰደው» አልኩት።

በጣም አለቀሰ። ከዚያ አራት ቆርቆሮ ፈልጎ ውሃ ሞላና ጉንዳን እንዳይወጣ የጠረጴዛውን እግሮች በየቆርቆሮው ውስጥ አቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉንዳን ባየ ቁጥር «ይሄ ለድቡሼ ነው» እያለ በጫማው ይረግጣል። እኔ ዝም እላለሁ። ሆዴን ግን ይቆርጠኝ ነበር።

አራተኛው ጊዜ ሲደርስ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነበር የማያቸው። አንዱ ልክ እንደ ድቡሼ ዘገየ። አልነካሁትም፣ ሄጄ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ወጥቶ ቁጭ ብሏል! አሮጌው ቆዳ እንደ ወለቀ ካልሲ ከኋላው ተሸብሽቦ ቀርቷል። ከጥቂት ቀናት በኋላ 22ቱም ነጭ ክር እያወጡ ራሳቸውን ጠቀለሉ።

በቅርቡ የሳይንስ መምህራችን ሸረሪትና አንበጣም ቆዳቸውን እየጣሉ እንደሚያድጉ፣ አዲሱ ቆዳ እስኪጠነክር ድረስም በቀላሉ እንደሚጎዱ ሲያስተምሩን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እውነቱን ልናገርና ወረንጦውን ያነሳሁት ድቡሼን ለመርዳት ብቻ አልነበረም፣ መጠበቅ ስላቃተኝ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ ግን ያፈሰስኩትን መልቀም አልቻልኩም።

ይህን ጽሑፍ ለክበባችን ከመስጠቴ በፊት ለወንድሜ አነበብኩለት። ይቆጣኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ብዙ ዝም ካለ በኋላ «ታዲያ ጉንዳኖቹስ?» አለኝ። ምን ብዬ እንደምመልስለት አላወቅኩም። አሁን ጉንዳን ሲያይ ዞሮ ያልፋል፣ እኔም እንደሱ።

ጓደኞቼ፣ ማናችሁም የሐር ትል ብታረቡ ትኩስና ደረቅ ቅጠል ስጡ፣ ከጉንዳን ጠብቁ፣ ቆዳውን ሲቀይር ግን አትንኩት። እንደኔ ከነካችሁትም አትዋሹ።

በሚቀጥለው እትም በሰላም ያገናኘን!